የመርፌ ጫፍ የምታህል ቁስል

የብርቱካን ቦታው ሾፌር ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ ሲያስቀምጥላት፣ ሚሊ መጀመሪያ ያየችው የተጻፈውን ልክ አልነበረም። የእጅ ጽሑፉን ነው።

«ርዝመት ስድሳ ሁለት ሴንቲ ሜትር፣ ቶሎ» ይላል። ፊደሎቹ ተወላግደዋል፤ አንዱ ባንዱ ላይ ወድቋል። ከዚያ ቦታ ሁልጊዜ ትእዛዝ የሚጽፍላትን ሰው እጅ ደግሞ እሷ ከሺህ ሰው መካከል ለይታ ታውቀዋለች።

«ይህን ማን ጻፈው?» አለች።

«ኢንጂነሩ ነዋ! ሌላ ማን ይጽፈዋል?»

«የእሱ ጽሑፍ አይደለም።»

«በግራ እጁ ጽፎት ነው።» ሾፌሩ ሳቅ አለ። «የቀኝ ጣቱን ትንሽ ወጋ አድርጎታል። ንብ የነደፈኝ ያህል ነው ብሎ ሲስቅ ነበር። ደም እንኳ አልወጣውም።»

ከኋላ በመጭመቂያ ማሽኑ ላይ ተደፍተው ይሠሩ የነበሩት ጋሼ፣ ማሽኑን አጥፍተው ቀና አሉ። ቱቦ ቤቱ ጸጥ አለ። ለትራክተር፣ ለጫኝ ማሽንና ለገልባጭ መኪና ከፍተኛ ግፊት የሚችል የዘይት ቱቦ የሚሠራባት ይህች ጠባብ ቤት የጋሼ ናት። ሚሊ ስድስት ዓመት ሠርታባታለች። ስሟንም ያገኘችው እዚሁ ነው። አንዲት ሚሊ ሜትር ከጎደለች ቱቦውን እንደገና ስለምትቆርጠው ሠራተኛው ሁሉ «ሚሊ» ይላታል፤ እናቷ እንኳ የፊተኛ ስሟን መርሳት ጀምራለች።

«ምንድን ነው የወጋው?» አሉ ጋሼ። «ሽቦ ነው? ሚስማር?»

«ኧረ እኔ እንጃ። ያቺን ትንሿን ትራክተር አስነስቶ ከኋላ ያለውን ነገር ሲሞክር ነበር። ከሥሯ ዘይት ብን ሲል ከየት እንደሚወጣ ልወቅ ብሎ በእጁ ዳሰሰው።»

«ሞተሩ እየሠራ?»

«አዎ፣ እየሠራ።»

«ስንት ሰዓት ሆነው?»

«ሦስት ሰዓት ላይ ነው። አሁን አምስት ከሩብ ነው አይደል? ሁለት ሰዓት አልፎታል።»

ጋሼ ቀኝ እጃቸውን ወደ ብርሃኑ አነሱት። በዚያ እጅ ላይ ያሉት ጣቶች ሦስት ብቻ ናቸው። እነዚያ ሁለት ጣቶች እንዴት እንደሄዱ ለሚሊ አንድ ጊዜ ብቻ ነግረዋታል፤ ያኔም ፊታቸውን አዙረው።

«ሚሊ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ሽርጥሽን አውልቂ።»

ሽርጧን አወለቀች።

ኢንጂነሩ የሚሉት ሰው ኢንጂነር አይደለም። ኮሌጁን በሁለተኛው ዓመት አቋርጦ የመጣ፣ ያገኘውን ሁሉ ፈትቶ የሚገጥም ሰው ነው። ስሙን ያወጡለት የእናቱ ሠራተኞች ለቀልድ ነበር። እናቱ ከከተማው ዳር ያለው ሰፊ የብርቱካን ቦታ ባለቤት ናቸው። ዛፎቹ ተጠጋግተው ስለተተከሉ በመካከላቸው የምታልፈው ያቺ ትንሽ ትራክተር ብቻ ናት። ትራክተሯ ደግሞ ከፋብሪካ ስትወጣ ከኋላዋ ማረሻ የሚያነሱ ሁለት ክንዶች እንጂ ዘይት የሚያወጣ አፍ አልተሠራላትም። እናም የምትጎትተው ተሳቢ ራሱን ገልብጦ ማራገፍ የሚችል ሆኖ ሳለ ጉልበት የሚሰጠው አጥቶ፣ ሠራተኞቹ ሸክሙን ሁሉ በአካፋ ያራግፉ ነበር።

«እኔ ራሴ እገጥምላታለሁ» ብሎ ተነሣ። ዘይቱን ከፓምፑ ላይ ጠልፎ፣ በመቆጣጠሪያ ማንሻ አሳልፎ፣ በቱቦ ወደ ኋላ ሊወስደው። በደብተር የሣለውን ሥዕል ይዞ ቱቦ ቤት ሲመጣ የተቀበለችው ሚሊ ነበረች። ሥዕሉን አየችና «የመመለሻው ቱቦ ቀጥኗል፤ እንዲህ ከገጠምከው ዘይቱ ይታፈናል» አለችው። ቀና ብሎ አያት። ከዚያች ቀን ጀምሮ አንድ ላይ ሊያዝዛቸው የሚችላቸውን ቱቦዎች አንድ በአንድ ማዘዝ ጀመረ። አምስት ቱቦ የሚበቃው ሥራ ስምንት ወር ፈጀ። ጋሼ እንኳ አንድ ቀን «ይህ ልጅ ትራክተር ነው ወይስ መርከብ የሚሠራው?» ብለው ሲጠይቁ፣ ሚሊ ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

ግን የሚሊ እናት በዚያ የብርቱካን ቦታ ባለቤት ቤት አሥራ አራት ዓመት ልብስ አጥባለች። እትዬ፣ ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚጠራቸው፣ ሚሊን የሚያውቋት ከልብስ ማጠቢያው ሳፋ ጀርባ የምትቀመጥ ልጅ ሆና ነው። ወሬውን ሲሰሙ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ላኩ፦ «ልጄ ቱቦ ይግዛ፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አልሰማም።»

ከሦስት ሳምንት በፊት ደግሞ የእሱ ደብዳቤ መጣ። «ሥራው ሊያልቅ ነው። ሲያልቅ ከዚህ ቤት እወጣለሁ። ከእንግዲህ ለቱቦ ብዬ ወደ አንቺ አልመጣም። ትራክተሯን መጀመሪያ የማስነሣበት ቀን ግን፣ የዛሬ ሦስት ሳምንት ቅዳሜ፣ አጠገቤ ብትሆኚ ደስ ይለኛል» ይላል። ሚሊ ሰባት ጊዜ አነበበችው። ሰባቱንም ጊዜ ስንብት ሆኖ ተነበበላት። መልስ አልጻፈችም። ሲደውልም አላነሳችም።

ዛሬ ቅዳሜ ነው።

«ስሚኝ» አሉ ጋሼ፣ እስከ በሩ እየሸኟት። «ምግብም ውሃም እንዳይቀምስ፤ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል። የዘይቱን ጣሳ ይዘሽ ሂጂ፤ ምን ዓይነት ዘይት እንደገባበት ይጠይቁሻል። ትንሽ ነው ቢሉሽ አትመኚ። እኔንም ትንሽ ነው ብለው ቅባት ሰጥተው ሸኝተውኝ ነበር። በማግስቱ ስመለስ…»

አልጨረሱትም። እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ያ የተከተተ እጅ ከተናገሩት ሁሉ በላይ አስፈራት።

* * *

ወደዚያ ቤት በፊት ለፊት በር ገብታ አታውቅም። ዛሬ ግን ሾፌሩ መኪናውን ሳያቆም ነው በሩን ከፍታ የወረደችው።

ኢንጂነሩ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ቀኝ እጁን ለብ ያለ ውሃ ያለበት ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ነክሯል። እትዬ አጠገቡ ቆመው የወተት ኩባያ ወደ አፉ አስጠግተዋል።

«አይጠጣም!»

ድምፁ ከእሷ አፍ መውጣቱን ያወቀችው ሁለቱም ዞረው ሲያዩዋት ነው።

«አንቺ ደግሞ ማነሽ?» አሉ እትዬ። እያወቋት ነው የጠየቁት።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ወተቱን አይጠጣ። ባዶ ሆዱን ሐኪም ቤት መድረስ አለበት። አሁኑኑ።»

እሱ ዓይኑን ከሳህኑ ላይ አላነሳም። «ቱቦው ደረሰ?» አለ።

«እጅህን አሳየኝ።»

«ቱቦው ደረሰ ወይ ነው ያልኩሽ።»

«እባክህ፣ እጅህን አሳየኝ።»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ስደውል አላነሳሽም። ዛሬ ጣቱ ተወጋ ሲሉሽ እየሮጥሽ መጣሽ። ምነው፣ ቱቦሽ እንዳይታማብሽ ነው?»

ቃሉ ደረቷን ወጋት፤ ግን ለመከፋት ጊዜ አልነበራትም። ተንበርክካ እጁን ከውሃው አወጣችው። በሌባ ጣቱ ጫፍ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጥብ አለች። ሌላ ምንም የለም። ሰው ይስቅባታል እንጂ አይደነግጥባትም። ጣቱ ግን ከሥሩ እስከ ጫፉ ተወጥሮ አብጧል፤ ቆዳው አብረቅርቆ ነጥቷል።

«እጠፈው» አለችው።

ሊያጥፈው ሞከረ። አልታጠፈም።

«ያምሃል?»

«ቅድም ያቃጥለኝ ነበር። አሁን ደንዝዟል።»

ቢያመው ይሻላት ነበር። ጋሼ ያን ቀን ፊታቸውን አዙረው የነገሯት ይህንኑ ነው፤ «ደነዘዘ፤ ተሻለኝ ብዬ ተኛሁ።»

እትዬ ኩባያውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉት። «አንቺ ልጅ፣ እነዚያን ቱቦዎች የሠራሻቸው አንቺ ነሽ። ልጄን የወጋው የእጅሽ ሥራ ነው። አሁን ደግሞ መጥተሽ ታስፈራሪናለሽ?»

 ቢሆንስ? በአንዲት ሚሊ ሜትር ተሳስታ ቢሆንስ? የዘይቱን ጣሳ ለማምጣት ከዳሱ ሥር ወደቆመችው ትራክተር ሮጠች። ጎንበስ ብላ አየች። በአራቱ ቱቦዎች አንገት ላይ እሷ የምትቀባው ቢጫ መስመር አለ። አራቱም ደረቅ ናቸው፤ ጠብታ አልወጣቸውም። አምስተኛው አጭር ቱቦ ግን ምንም ቀለም የለውም። ጎማው የተሰነጣጠቀ፣ ከውድቅ ዕቃ ውስጥ የተለቀመ አሮጌ ነው። ከፊት ለፊቱ ያለው የትራክተሯ ጎማ ላይ ዘይቱ እንደ ጤዛ ተረጭቷል።

የእኔ አይደለም፣ አለች በልቧ። ለአንዲት ቅጽበት ትንፋሿ ተመለሰላት። ወዲያው ግን ሌላው ነገር ገባት። አምስተኛውን ሊያዝዛት ነበር የደወለው። ስላላነሳች ያገኘውን ገጠመ። ዛሬ ጠዋት አጠገቡ ብትሆን ኖሮ ያንን እጅ ወደዚያ ሳይሰደው በፊት በካርቶን ፈትሽ ትለው ነበር። ሁልጊዜ የምትለውን።

ጣሳውን ይዛ ተመለሰች። እትዬ አሁንም ቆመዋል።

«አዎ እትዬ» አለች፤ «ጥፋቱ የእኔ ነው። የፈለጉትን ይበሉኝ። ግን መኪናው ውስጥ ሆነው ይበሉኝ።»

«እኔ የትም አልሄድም» አለ እሱ። «አንዲት ቀዳዳ ናት። ደግሞ አንቺ ማነሽና ነው የምታዢኝ? መልስ እንኳ ያልጻፍሽልኝ ሴት!»

ያን ጊዜ እንባዋ መጣ። ልትመልሰው አልሞከረችም።

«ተወኝ!» አለች። «ልትተወኝ ከወሰንክ ተወኝ፤ አልለምንህም። ዳግመኛ ባላይህም እችለዋለሁ። ግን በሁለት እጅህ ተወኝ! እነዚያ ሥዕሎች የሚሣሉበትን እጅ ይዘህ ተወኝ። ዘይቱ በዚያች ቀዳዳ ገብቶ እየሄደ ነው። እዚህ ተቀምጠን በተጨቃጨቅን ቁጥር ወደ መዳፍህ እየገሰገሰ ነው። ጋሼን አይተሃቸው የለ? የእሳቸውም እንዲህ ነበር የጀመረው!»

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት።

«ልተውሽ?» አለ ግራ ገብቶት። «ማን ሊተውሽ?»

 ጃኬቱን ከወንበሩ ላይ አንስታ ዘረጋችለት። ሊቀበላት ቀኝ እጁን ሰደደ። ጣቶቹ ጃኬቱን ነክተውት አልጨበጡትም፤ ልብሱ መሬት ላይ ወደቀ። እጁን እንደ ሌላ ሰው እጅ ትኩር ብሎ አየው። ሲስቅ የዋለው ፊት ላይ ፍርሃት ሲገባ እናቱም አዩ፤ እሷም አየች።

* * *

ቀዶ ጥገና የሚሠራበት ሆስፒታል ያለው በሌላ ከተማ ነው፤ መንገዱ አንድ ሰዓት ይፈጃል። እትዬ ከፊት ከሾፌሩ ጎን፣ ሁለቱ ከኋላ። እጁን ከፍ አድርጋ ይዛለታለች። በየጥቂት ደቂቃው መዳፉን ትነካና «ይሰማሃል?» ትለዋለች። «አዎ።» «እዚህስ?» «አዎ።» ከተማው ውስጥ ሲገቡ ግን «እዚህስ?» ስትለው ዝም አለ። ከፊት ወንበር የእትዬ ጀርባ ደርቆ ቀጥ ሲል ተመለከተች። እሳቸውም እየሰሙ ነበር።

ተረኛው ወጣት ሐኪም ጣቱን ወዲያና ወዲህ አገላበጠው።

«ለዚህ ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጣችሁት? ትንሽ መወጋት ነው። የሚዋጥ መድኃኒትና ቅባት እጽፍለታለሁ፤ ነገ ካልቀነሰ ትመለሳላችሁ።»

«ነገ አይሆንም ዶክተር» አለች ሚሊ።

«እህቴ፣ የጤና ባለሙያ ነሽ?»

«አይደለሁም። ቱቦ ሠራተኛ ነኝ።» ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ይህ ዘይት በቱቦ ውስጥ ሲገፋ ሃያ ኩንታል የጫነ ተሳቢ እንደ ትሪ ያነሳል። ቆዳ አያቆመውም። በቀዳዳዋ ገብቷል፤ ከውስጥ ነው ያለው። ቅባቱ ከላይ ምን ያደርግለታል? አሠሪዬን ልክ እርስዎ እንዳሉት ብለው ሸኟቸው፤ ሁለት ጣታቸውን ተቆረጡ። እባክዎ፣ ቀዶ ጥገና የሚሠራ ሐኪም ይየው። ከተሳሳትኩ ይሳቁብኝ።»

ወጣቱ ሐኪም ብዕሩን አነሳ። ከኋላቸው የተሰለፉት በሽተኞች እያጉረመረሙ ነው።  በዚህ ጊዜ እትዬ ቦርሳቸውን ወንበሩ ላይ አኖሩና ከሚሊ ፊት ቀደም ብለው ቆሙ።

«ልጄ ከዚህ አይነቃነቅም» አሉ። «ይህች ልጅ ያለችው ይደረግ።»

«እናቴ፣ እኔ እኮ…» አለ ወጣቱ ሐኪም።

«ዶክተር፣ ቱቦውን የምታውቀው እሷ ናት። ያለችው ይደረግ ብያለሁ።»

ቀዶ ጥገና የሚሠሩት ሐኪም ሽበት የወረራቸው፣ አጭር ሴት ናቸው። ነጥቧን እንዳዩ ጎንበስ ብለው የጣቱን ሥርና መዳፉን ዳሰሱ።

«ስንት ሰዓት ሆነው?»

ጋሼ የጠየቁትን ያንኑ ጥያቄ።  «አራት ሰዓት ተኩል ሆነው» አለች ሚሊ።

«ምግብ ወስዷል?»

«አልቀመሰም።»

«ዘይቱ ምን ዓይነት ነው?»

ጣሳውን አቀበለቻቸው። አነበቡትና ወደ ወጣቱ ሐኪም ዞሩ። «ቀዶ ጥገና ክፍሉን አስለቅቁልኝ። አሁን።» ከዚያ ወደ በሽተኛው፦ «ልጄ፣ እጅህን ከጣትህ ጫፍ እስከ አንጓህ ከፍተን ማጠብ አለብን። ጣትህን ለማዳን እንሞክራለን። ካልሆነ ልንቆርጠው እንችላለን። ገብቶሃል?»

ወረቀቱ ላይ በግራ እጁ ፈረመ።

ሚሊ ከጠዋት ጀምሮ ልክ መሆኗን ሰው ሁሉ እንዲያምናት ስትታገል ነው የዋለችው። አሁን አመኗት። ልቧ ግን ከምንም በላይ የተመኘው ተሳስታ እንድትገኝ እንደነበር ያወቀችው፣ ያቺን «አሁን» የምትል ቃል ስትሰማ ነው።

* * *

ባለ ጎማውን አልጋ ሲገፉት አብራው ሄደች። የጣሪያው መብራት በፊቱ ላይ እያለፈ ይሄዳል።

«ልተውሽ እንደሆነ ማን ነገረሽ?» አላት።

«አንተው። በጽሑፍ።»

«እኔ?»

«ከዚህ ቤት እወጣለሁ ብለሃል። ከእንግዲህ ለቱቦ ብዬ ወደ አንቺ አልመጣም ብለሃል።»

ዓይኑን ጨፈነ። ያመመው መስሏት ደነገጠች። ፈገግታ ነበር፤ ግን ወዲያው ጠፋ።

«ለቱቦ ብዬ አልመጣም፤ ለአንቺ ብዬ ነው የምመጣው ማለቴ ነበር። የምወጣውም ከእናቴ ቤት ነው። ትንሽ ጋራዥ ልከፍት። እንደ እኛዋ ያለ ትንሽ ትራክተር ኖሮት ከኋላው ዘይት ለሌለው ሁሉ ልገጥምለት። ቱቦውን አንቺ ትሠሪያለሽ፤ እኔ እገጥማለሁ። ይህን ሁሉ በአንድ መስመር የጻፍኩልሽ መስሎኝ ነበር።»

«አንተ ሰውዬ!» አለች፣ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ራሷም ሳታውቀው። «ለምን እንዲህ ብለህ አልጻፍክም?»

«ፈራሁ። እምቢ ብትይኝ መመለሻ እንዲኖረኝ አድበስብሼ ጻፍኩት።»

«እኔም ስልኩን ያላነሳሁት ፈርቼ ነው። ስንብቱን በድምፅህ እንዳልሰማው።»

አልጋው በሩ ላይ ደረሰ። ነርሷ ከዚህ ወዲያ እንደማይቻል በእጇ አመለከተቻት። እሱ በግራ እጁ ክንዷን ያዘ፤ መዳፉ አልቧል።

«ጣቴን ቢቆርጡትስ? ከዚያ በኋላ ምን ልሠራ ነው? ሚሊ፣ በጣም ፈራሁ።»

«አትፍራ አልልህም» አለችው በጆሮው። «አብሬህ እፈራለሁ።»

በሩ ተዘጋ።

እትዬ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሚሊ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። አንድ ሰዓት አለፈ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሁለቱም ይነሳሉ፤ ሌላ ሰው ይወጣል፤ ይመለሳሉ።

«ተቀመጪ» አሉ እትዬ በመጨረሻ።

ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። በመካከላቸው ሁለት ሰው የሚይዝ ቦታ ነበረ።

«እናትሽ ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት እትዬ።»

«ልብስ ስታጥብልን እጇ ይቆስል ነበር።» ፊት ለፊታቸው ያለውን በር እያዩ ነው የሚናገሩት። «በጨርቅ ጠቅልላ ስትሠራ አያታለሁ። አሥራ አራት ዓመት። አንድ ቀን እንኳ፣ እስቲ አሳይኝ፣ አላልኳትም። ዛሬ አንቺ ተንበርክከሽ የልጄን እጅ ከውሃው ስታወጪ…» ድምፃቸው ተቆረጠ። «እኔ እኮ ወተት ላጠጣው ነበር።»

 ሚሊ እኚህን ሴት ስትፈራ ነው ያደገችው። አሁን ጎናቸው ተቀምጣ ስታያቸው ከእሷ ይልቅ እሳቸው ይንቀጠቀጣሉ። ሳታስበው ተጠጋችላቸው። እትዬም አልራቁም። ከበሩ ወዲያ አንድ የብረት ዕቃ ሲወድቅ ተሰማ፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ተያያዙ፤ እሱ እስኪወጣ ድረስም አልተላቀቁም።

* * *

እጁን ሁለት ጊዜ ከፍተው አጠቡት። ከጣቱ ጫፍ እስከ አንጓው ድረስ። መዳፉን አዳንነው አሉ። ስለ ሌባ ጣቱ ግን ሐኪሟ ተስፋ የሚሰጥ ቃል ላለመናገር ሲጠነቀቁ ሚሊ አስተውላለች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ፋሻውን ሊፈቱ መጡ።

«ደም እየደረሰው መሆኑን ማወቅ አለብኝ፤ ስሜት መኖሩንም» አሉ። «ዛሬም ምንም ከሌለ፣ መጠበቁ ለቀረው እጅ አደገኛ ነው። ዓይንህን ጨፍን። የተነካኸውን ጣት ንገረኝ።»

ጨፈነ። እትዬ ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ ማየት አልቻሉም።

ሐኪሟ በጥጥ ጫፍ አውራ ጣቱን ነኩት። «አውራ ጣት» አለ። የመሐል ጣቱን ነኩት። «መሐል።» ከዚያ ሌባ ጣቱን ነኩት።

ዝም አለ።

እንደገና ነኩት።

«ነካችሁኝ?» አለ።

 ሚሊ የአልጋውን ብረት ያዘች። ሐኪሟ ጥጡን አስቀመጡ፤ ከፊታቸው ምንም ማንበብ አይቻልም። ወደ ወረቀታቸው ሲዞሩ እትዬ ከመስኮቱ ሳይዞሩ ተናገሩ።

«ዶክተር፣ አንድ ጊዜ ልጅቷ ትንካው።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ…» አለች ሚሊ።

«ትንካው። ጥጥ ምን ያውቃል?»

ሐኪሟ ጥቂት አሰቡና በእጃቸው ወደ መታጠቢያው አመለከቱ። «እጅሽን በደንብ ታጠቢ። ቁስሉን አትንኪ። ከጎን በኩል ቆዳው ደኅና ነው፤ እዚያች ላይ ጫን በይ።»

ታጠበች። ተመልሳ ስትመጣ ዓይኑን ጨፍኖ እየጠበቀ ነበር፤ የዓይኑ ቆብ ይርገበገባል። በእሷ ጣት የእሱን ጣት ጎን ነካች። ቀዝቅዟል። ጫን አለች። አንድ ነገር ልትለው ፈለገች፤ ሐኪሟ ዝም በይ ብለው በዓይናቸው ከለከሏት። ትንፋሿን ያዘች።

ከውጭ የሰው እግር ኮቴ አለፈ። እሱ ምንም አላለም። እትዬ ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ አስደገፉ። ሚሊ በዓይኗ ሐኪሟን «ልተወው?» ብላ ጠየቀች፤ እሳቸውም «አዎ» እንደማለት ቀስ ብለው ራሳቸውን መነቅነቅ ጀመሩ።

«እየተንቀጠቀጠች ነው» አለ።

ሐኪሟ ቀና አሉ። «ማን ናት የምትንቀጠቀጠው?»

«ጣቴን የያዘችው።» ዓይኑን አልገለጠም። እንባ ግን ከቆቡ ሥር ወጥቶ ወደ ጆሮው ይወርድ ነበር። «በጣም እየተንቀጠቀጠች ነው፤ እዚህ፣ በጎኑ በኩል። ሚሊ፣ አንቺ ነሽ አይደል? አትልቀቂው።»